የእህቴ መቅላት

ታላቅ እህቴ ወደ መካነ ብርሃን አስተማሪ ሆና በሄደች በሁለተኛው ዓመት፣ ለኅዳር ቁስቋም ጎንደር ወደ ቤታችን መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት፤ የደጋው ብርድ ይጥላታል ብለን ስንሰጋ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ሞልቶ፣ ጉንጯ ቀልቶ ከማኪናው ወረደች። እናታችን ለጤናዋ የተሳለችው ስለት እንደ ሰመረ ቆጠረችው። ጎረቤቱ ሁሉ ሸጋ ሆነሻል፣ አገሩ ተስማማሽ አላት። እኔም ብያታለሁ።

በማግስቱ ለንግሡ ስንወጣ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመች። ሰዉ እስኪያልፍ ነው አለችኝ። ከዚያ ሳል ያዛት፤ ቅላቱ ከአንገቷ ተነሥቶ እስከ ግንባሯ ሲወጣ አየሁ። ጉንጯን ብነካው ይፋጃል። ከደረቷ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። አንዲት የእናታችን ወዳጅ አግኝታን አገላብጣ እየሳመች ማማሯን አደነቀች። እህቴ መልስ የምትሰጥበት ትንፋሽ አልነበራትም፤ ፈገግ ብቻ አለች።

ቤት ስንገባ አፋጠጥኋት። በአፏ የምትስበው መድኃኒት ሲያልቅባት አንድ መድኃኒት ሻጭ ትንንሽ ነጭ ክኒን ሰጥቷት ከክረምት ጀምሮ በየቀኑ ትውጣለች። ፊቷን ያሳበጠውም ያቀላውም እሱ እንደሆነ ጠርጥራለች።

‹‹ምነው ታዲያ አትተይውም?›› አልኋት።

‹‹በተውሁት ቀን ይዘጋኛል። ለእማዬ እንዳትነግሪያት።››

ለእናታችን አልነገርሁም። ስሸኛት ግን ደግሜ ተይው አልኋት። እሷም ሰማችኝ።

በሳምንቱ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ደወለች። እህቴ መናገር አቅቷት ተዝለፍልፋ ከአልጋዋ አንሥተዋታል። ጎንደር ሆስፒታል ሲያደርሷት እኔም ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት፤ ከዚያ ሁሉ ቅላት አንድም አልቀረም፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ሐኪሙ ክኒኑን በአንድ ጊዜ ማቆሟን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ሰውነት እንዲህ ያለውን መድኃኒት ከለመደ በኋላ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል እንጂ ተቆርጦ አይተውም አለ። ፊቷ ይቀላ የነበረው ባብዛኛው ከክኒኑ፣ የቀረው ከሳሉና ከትንፋሽ ትግሉ ነው አለን።

‹‹ማነው ተይው ያላት?›› ሲል ጠየቀ።

‹‹እኔ ነኝ›› አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝና ወደ እሷ ተመለሰ።

እህቴ ተረፈች። ክኒኑን በሐኪም ትእዛዝ እየቀነሰች ነው፤ የምትስበውንም ከጎንደር እንልክላታለን። ፊቷ ሲሟሽሽ እናታችን ከሳች ብላ ታዝናለች። ሐኪሙ ሕመሙ ተመልሶ ሊነሣ እንደሚችል አልደበቀንም። እሷ ግን ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ስልኳን ሞክሬ እንቢ የሚለኝ ቀን ብዙ ነው። እናታችን ኔትወርክ ነው ትለኛለች፤ እኔም አዎ እላታለሁ።