ለጥሩነሽ የጻፍኩት የእርቅ ወረቀት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም ሻርኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ ትናንሹን ስናዘዝ ኖሬ ይሄን ዋጥኩት። አንተ የምታነበው፣ ስማኝ፤ ግን እንዳታዝንልኝ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻና ውል እጽፍ ነበር። የቤተ ክህነት ትምህርት ስላለኝ ባላገሩ «የኔታ» ይለኛል፤ እኔም ልቤ አብጦ ነበር። ጥሩነሽ የምትባል የኮሶዬ ሴት የወንድሟ የአያ ተገኘ በሬዎች ገብሷን በልተውባት ተጣልተው፣ ሽማግሌ አስታረቃቸውና እንድጽፍላቸው መጡ። እርቅ ሲያልቅ የተበደለ ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ፤ «ያለፈውን ሁሉ ለእግዜር ትቻለሁ» ይላል። እሷም አለች። እኔ ብልጡ ግን ምን ብዬ ጻፍኩ? «በወንድሜ ላይ ያለኝን ጥያቄ ሁሉ ትቻለሁ።» ገብስ የሚል ቃል የለበትም! ማን አዘዘኝ? ማንም። ወረቀቱ እንዲያምርልኝ ብዬ ነው። እሷም አምናኝ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት።

በዓመቱ «ከአባቴ ርስት ድርሻዬን ከለከለኝ» ብላ ወንድሟን ከሰሰች። እሱም ያን ወረቀት አወጣ። ሽማግሌዎቹ እሱን ፈርተው አፋቸውን ያዙ። ዳኛው ሞኝ አልነበሩም፤ «ሰው የሚተወው የተጣላበትን ነው። የተጣሉት በምን ነበር?» ብለው እኔን አስጠሩ። አየህ? «በገብስ ነው» ብል ርስቷን ታገኝ ነበር። እኔ ግን፣ አፈር ልብላና፣ ውል መጻፍ አያውቅም እንዳልባል ፈራሁ። መስቀል መትቼ ምዬ፣ «በሁሉም ነው፤ እንደ ተጻፈው ነው» አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ አልነበረም፤ አውቄ ዋሸሁ! አውቄ!

ተፈርዶባት ስትወጣ ደጃፉ ላይ ጠበቀችኝ።

«ምነው የኔታ? የገብሱን አልነበር?»

«የፈረምሽውን አንብቢ» አልኳት። ማንበብ እንደማትችል እያወቅሁ!

ከዓመታት በኋላ በማኪና ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስሄድ አየኋት። በአባቷ መሬት ላይ የወንድሟን ገብስ ታርማለች። አልወረድኩም። ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንኩ፤ እንዲህ ያለሁ ፈሪ ነኝ።

ዛሬም በሕይወት አለች አሉኝ። ሄደህ እግሯ ላይ ውደቅ ትለኝ ይሆናል። ብወድቅ የምትለኝን አውቃለሁ፤ «ያለፈውን ሁሉ ለእግዜር ትቻለሁ» ትለኛለች። ያንን ቃል አንድ ጊዜ ከአፏ ተቀብዬ ርስቷን አስበላሁባት። ሁለተኛ አልቀበላትም።