ሪፈር የሚሉት በሽታ

እኛ መንደር ማንኪራ፣ ሪፈር የበሽታ ስም ነው። ሰው ታሞ ቦንጋ ሆስፒታል ይወሰዳል። ዘመዶቹ «ምን አሉት?» ተብለው ሲጠየቁ «ሪፈር አሉት» ይላሉ። ከዚያ ወደ ጅማ ይላካል። የሚላከው የባሰበት ነውና ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ሬሳው ነው። ጎረቤታችን እንዲህ ሄዶ እንዲህ ተመለሰ፤ የአክስቴም ባል። ታዲያ ሕዝቡ ምን ይበል? ሪፈር ገደላቸው አለ።

እናቴ ሆዷ ተነፍቶ ውሃ እንኳ አልረጋላት ሲል ቦንጋ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ እዚያ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ሆዷን ዳሰሰና ወደ እኔ ዞሮ «ኦብስትራክሽን ሳይሆን አይቀርም መምህር። እዚህ ማኔጅ አናደርገውም፤ ሪፈር ነው» አለኝ። የእናቴ አማርኛ ከገበያ አያልፍም። ከዚያ ሁሉ ንግግር የለየችው አንዲቷን ቃል ነበር። ነጠላዋን ሰብስባ ከአልጋው ወረደች።

«ቤቴ ውሰደኝ፤ በሰው አገር አልሞትም» አለችኝ በቋንቋችን በካፊኖኖ።

«እማዬ፣ ሪፈር በሽታ አይደለም። የተሻለ ሐኪም ወዳለበት መላክ ማለት ነው።»

«ከተላኩት ማን ተመለሰ?»

ቃሉን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ፤ ለገዛ እናቴ ማስረዳት አቃተኝ። ሐኪሙን ለመንኩት፦ «እባክህ ዶክተር፣ ሪፈር አትበላት፤ ሌላ ስም ስጠው።» ክፉ ልጅ አልነበረም። ግንባሩን እያሸ አሰበ።

«እማማ፣ በቃ... ፎርዋርድ እናድርግዎት» አላት።

እዚያው ብጮህ በወደድኩ። እግሯ ላይ ወድቄ ባጠባሽኝ ጡትሽ አልኳት፤ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። አብረውን የነበሩት ወንድሞቼም ከእሷ ወገን ቆሙ። ተሸክመን ወደ ማንኪራ መለስናት፤ ሳምንትም አልቆየች።

ለቅሶው ላይ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «ምን ነበር ያመማት ልጄ?» አሉኝ። ኦብስትራክሽን ልበላቸው? እሱም ቢሆን «ሳይሆን አይቀርም» ነበር። በአማርኛ ፈለግሁት፣ በካፊኖኖ ፈለግሁት፤ የእናቴን ገዳይ የምጠራበት ስም አጣሁ።

«ሪፈር» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ፣ እሱማ ማንን ይምራል!» አሉ።