ቅኔ ቤት የገባው እንግሊዝኛ

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከመካነ ሰላም ዝቅ ብላ ባለች ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ተማሪ ግስ ሲያሰማቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና ሲሳሳት አይቆጡም፤ መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ አንዴ ቋ ያደርጉታል። ቋ ካለ ተማሪው ከመነሻው ይጀምራል። የጠፋውን ቃል ከአፋቸው አውጥተው መስጠት ግን በእርሳቸው ቤት ነውር ነው። እንዲህ ያለው ቃል ያድራል እንጂ አይከርምም ይላሉ።

እንግሊዝኛ እዚህ ቤት የገባው በደርግ ጊዜ፣ በአንዲት ልጃቸው በአልጣሽ በኩል ነው። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተች መሪጌታ አባትም እናትም ሆነው አሳደጓት። ሹሩባዋን ሳይቀር የሚሠሯት እርሳቸው ነበሩ፤ ያው እንደ ነገሩ ነው እንጂ አምሮላት አያውቅም። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ አክስቷ እትዬ ብዙዬ ባል አገኙላት። መሪጌታ እኅታቸውን ማስቀየም ከበዳቸውና የሚኒስትሪ ፈተናውን ካለፈች ደሴ ሄዳ ትማር፣ ከወደቀች ትዳር ብለው ተስማሙ። መሪጌታ ደግሞ ካሉ አሉ ነው።

አልጣሽ ሒሳቡን ትችለዋለች። የሚጥላት እንግሊዝኛው ነው። ያለፈ ነገር ጻፊ በተባለች ቁጥር ግሱ ጫፍ ላይ «ድ» ትለጥፋለች፤ ታዛዡም አመለኛውም ግስ ለእርሷ አንድ ነው። በተለይ ብሪንግ የሚሉትን፣ ማምጣት ማለት ነው፣ አስተማሪዋ ቢመክራት ቢያርማት «ብሪንግድ» ከማለት አልመለስ አለች። አንድ ቀን ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አባቷ ደረሱባትና ምን እንደሆነች ጠየቋት። ነገረቻቸው።

መሪጌታ ሳቁ። «ይሄም ያስለቅሳል? ግእዙስ መች ሁሉን ባንድ መንገድ ይሄዳል? ‹አለ› ለማለት ‹ይቤ› የምንለው ማን አዞን ነው? አመለኛ ግስ በየአገሩ አለ። እሱን በዜማ ነው የሚይዙት።»

ከዚያ ወዲያ አልጣሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከቅኔ ተማሪዎቹ ኋላ ትቀመጣለች። ተራዋ ሲደርስ «ብሪንግ፣ ብሮት፣ ብሮት» እያለች አመለኞቹን ሁሉ በግእዙ ግስ ዜማ ታወርዳቸዋለች። መሪጌታ ከእንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ የሚያመነታ ድምፅ ግን አያመልጣቸውም። ትንሽ ዘገየት ስትል ቋ ይላል። ቤት ውስጥ «አባባ» የምትላቸው ልጅ እዚያ «የኔታ» ነበር የምትላቸው።

የፈተናው ዕለት መሪጌታ ከመፈተኛው ክፍል ግድግዳ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ አልጣሽ እንባዋን እያዘራች ወጣች፤ ከሌላ አገር የመጣው ፈታኝ ወረቀቷን ነጥቋታል። ለካስ ግሱን ስታስታውስ ዜማውን ታንጎራጉር፣ ጠረጴዛውንም በጣቷ ቋ ቋ ታደርግ ኖሯል። ፈታኙ ለጓደኞቿ መልስ የምትጠቁም መሰለው። እውነት ለመናገር፣ ማንም ቢሆን ይመስለው ነበር።

መሪጌታ ክርክር አልገጠሙም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታዬ» አሉት። «ያለ ዜማና ያለ ምት ቃል መያዝ አላስተማርኋትም። የሚቀጣ ካለ እኔ ልቀጣ።»

ፈታኙ ሽማግሌውን አየ፣ ልጅቱን አየ። ወዲያው አንድ ሁለት ግስ በዜማዋ አሰማችውና ሳቁን መቻል አቃተው። ወረቀቷን መለሰላት፤ ግን ፊት ወንበር ላይ ለብቻዋ፣ ትንፍሽ ሳትል፣ እጇን አጣጥፋ እያሰበች እንድትሠራ ነገራት።

መሪጌታ ያለ ምት እንደማይሆንላት ያውቁ ነበርና ልባቸው አላርፍ አለ። ድንጋያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ መቋሚያቸውንም በግስ አወራረድ ልክ፣ ቀስ እያሉ፣ መሬቱ ላይ ይመቱ ጀመር። ምት መልስ አይናገር። ፈታኙ በመስኮት ብቅ ብሎ አያቸውና እንዳላየ ሆኖ ተመለሰ። ያን ሰው እግዜር ይስጠው።

አልጣሽ አለፈች። እትዬ ብዙዬ አኮረፉ። መሪጌታ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞሩ ማለፏን ሲያወሩ ሰነበቱ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ሆዳቸው ይባባ ነበር። ቤቱ ባዶ ሊቀር ነው፣ ባዶ እንዲቀርም ሲደክሙ የከረሙት ራሳቸው ናቸው።

ደሴ የሚሄደው የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ አልጣሽ ከጆንያ ላይ ተቀምጣለች። መሪጌታ ከሥር ቆመው «እስቲ ግሱን በዪልኝ» አሏት። ጀመረች። ዜማው መልካም ሲወርድ ቆይቶ «ብሪንግ» ስትል እንባዋ ቀደማትና ቆመች። ዓይኗን መቋሚያው ላይ ጥላ ቋ እስኪል ጠበቀች።

መሪጌታ መቋሚያውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡት። ስንቱ ተማሪ ለምኖ ያጣውን ለልጃቸው ሰጧት።

«ብሮት፣ ብሮት» አሏት ቀስ ብለው። «አብሽሪ፣ ልጄ። ይህቺን እኔ እይዝልሻለሁ።»