የልዑልሰገድ የመጀመሪያ ትንበያ

ልዑልሰገድ አዳማ ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝናብ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። እንጀራው ከአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ነው፤ ዝናቡን የሚለካው በፈቃደኝነት ነው። ግቢው መሀል፣ አጭር ግንድ ላይ፣ አፏ ሰፋ ያለ የቆርቆሮ ጣሳ ተተክላለች። ጠዋት በሦስት ሰዓት ጣሳዋ ውስጥ ያደረውን ውሃ ቁጥር ባለበት ብርጭቆ ይለካና ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ካልዘነበም ዜሮ ይጽፋል። አዳማ ናትና አብዛኛው ገጽ ዜሮ ነው። ከዳር ደግሞ ነፋሱ ከየት እንደመጣ ይመዘግባል፤ ይህንንም የሚያውቀው የጎረቤቱ የእትዬ ተሻለች ነጠላ በልብስ ማስጫ ገመዱ ላይ ወዴት እንደሚውለበለብ አይቶ ነው።

ሰፈሩ “ሜትሮሎጂ” ይለዋል። ዝናብ ሲጠፋ ይወቅሱታል፤ ሲበዛም ይወቅሱታል። ስለ ነገ ሲጠይቁት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ “እኔ የወረደውን ነው የማውቀው።”

ዘንድሮ በየካቲት እትዬ ተሻለች የመጨረሻ ልጃቸውን ሰብለወንጌልን ሊድሩ ቀን ቆረጡ። ቀኑ የቅበላ እሑድ ነው። ሰኞ ጾም ይገባል፤ በሬው ተገዝቷል፤ እንግዳው ተጠርቷል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የድንኳን አከራዩ ደገፋ እንደ ወትሮው ድንኳኑን ጀርባውን ለምሥራቅ ሰጥቶ ተከለ። የአዳማ የበጋ ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ቀትር ላይ ራዲዮኑ ወሬ አመጣ። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ከቢሾፍቱ እስከ አዳማ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጠንካራ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል አለ። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች መከሩበትና ዝናቡን ለቢሾፍቱና ለቆቃ አከፋፈሉት። ሐይቅ ያለው አገር ይቻለው ተባለ።

ልዑልሰገድ ግን ቤቱ ገብቶ አስራ ዘጠኙን ደብተሮች አወረደ። በየካቲት ዝናብ የጣለው አስራ አንድ ቀን ብቻ ነበር። ከአስራ አንዱ በዘጠኙ የእትዬ ተሻለች ነጠላ የተውለበለበው ወደ ምሥራቅ ነው። ዝናብ ያለው ነፋስ ከሞጆ በኩል ይመጣል ማለት ነው፤ የድንኳኑ በር ደግሞ ወደ ሞጆ ተከፍቶ ይጠብቀዋል።

ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሳይናገር ተመለሰ። በአራተኛው፣

“እትዬ፣ ድንኳኑ ቢዞር ጥሩ ነበር” አለ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። “ጀርባው ወደ ሞጆ ቢሆን።”

ደገፋ ሚስማር ከአፉ አውጥቶ ሳቀ። “አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት የወረደ ውሃ ስትለካ ኖረህ፣ ዛሬ ያልወረደውን ጀመርክ?”

እትዬ ተሻለች ግን ልዑልሰገድን ትክ ብለው አዩት። “ልዑሌ፣ ከተሳሳትክ ልጄን በአቧራ ነው የምድራት።”

ልዑልሰገድ “እንግዲያው ይቅር” ሊል ነበር። ከአፉ ሳይወጣ እትዬ ወደ ደገፋ ዞረው “አዙረው” አሉ። የዞረው ድንኳን ግቢው አልበቃው አለና የሁለቱ ቤቶች አጥር ተነቅሎ ግማሹ ልዑልሰገድ ግቢ ገባ።

እሑድ ሰማዩ ጥርት ብሎ አደረ። የምሥራቁ ነፋስ አቧራውን ይዞ በተከፈተው በር ሰተት አለ። ድንኳኑ እንደ ፊኛ ተነፋ፤ ወጡ ላይ አመድ የመሰለ ነገር ተነሰነሰ። ደገፋ ቁርጡን እየጎረሰ ለሚገባው እንግዳ ሁሉ በሩን የመረጠው ሜትሮሎጂ መሆኑን ያስረዳል። እትዬ ተሻለች አቧራውን ከሹሩባቸው ያራግፋሉ። ልዑልሰገድ ከድስቶቹ ኋላ ተደብቆ፣ ማንም ሳያዘው ሳህን ሲወለውል ዋለ። ቤት ስለመቀየርም አሰበ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙሽራው ሲገባ ነፋሱ ድንገት ቆመ። ከሞጆ በኩል ጥቁር ደመና ተነሳ። ከዚያ ዝናቡ የድንኳኑን ጀርባ ጠጠር እንደተደፋበት አድርጎ መታው። ድንኳኑ ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም። ያኔ የደገፋ ስልክ ጮኸ። ሁለት መንገድ ተሻግሮ የተከለው ሌላው ድንኳን፣ በሩ ወደ ሞጆ የነበረው፣ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ደገፋ ጉርሻውን አስቀምጦ ሮጠ። እትዬ ተሻለች እልልታቸውን አቀለጡት፤ ልዑልሰገድንም ከድስቶቹ መሀል ጎትተው ሽማግሌዎቹ ዘንድ አስቀመጡት።

ሰኞ በሦስት ሰዓት ብርጭቆውንና ደብተሩን ይዞ ወጣ። ሌሊቱን ሁሉ ቁጥሩን ሲያስብ ነበር ያደረው። ጣሳዋን ፍለጋ ዞር ዞር አለ። እዚያው ቦታዋ አለች፤ በራሱ ትንበያ በዞረው ድንኳን ሥር፣ ሸራው እንደ ጣሪያ ጋርዷት። ጎንበስ ብሎ አየ። የዝናብ ጠብታ የለባትም። ውስጧ ያለው ብጫ ነው፤ አንዱ እንግዳ ትራፊውን ደፍቶባታል። ከልማድ ለካው። ሁለት ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር ጠጅ።

“ሃያ ብለህ ጻፍ” አሉ እትዬ ተሻለች ከበራቸው ሆነው። “እኔ ምስክር ነኝ፤ የራሰው ጫማዬም አለ።”

“ያልለካሁትን አልጽፍም፣ እትዬ።”

አስራ ዘጠኝ ዓመት ያልጻፈውን ቃል ጻፈ፤ “አልተለካም”። ከዳር ደግሞ፣ “ሰርግ ስለነበር ነጠላ አልተሰጣም። ነፋስ ከሞጆ በኩል” አለ።

እርጥቡን ሸራ ሊፈታ የመጣው ደገፋ ወደ እሱ ተጠጋ፤ ዛሬ ድምፁ ዝቅ ብሏል። ከፋሲካ በኋላ ሁለት ሰርግ እንዳለበት አጫወተውና፣ “በሩን ወዴት ላድርገው?” ሲል ጠየቀው።

ልዑልሰገድ ጠጁን ከብርጭቆው ደፋ።

“ጣሳዬን ወደማትሸፍንበት።”