በማርያም ተይኝ

አፀደ ባሏ ዮፍታሔ የሚሸምነውን ነጠላና ጋቢ ሽሮ ሜዳ ትሸጣለች። ገበያተኛ የቱንም ያህል ቢከራከራት መልስ አታጣም። ቤቷ ውስጥ ግን ክርክር አይዘልቅም። ነገሩ ጠንከር ሲል ዮፍታሔ «በማርያም ተይኝ» ይላታል። የእመቤታችን ስም ከተጠራ በኋላ መናገር ድፍረት ስለሚመስላት አፏን ትይዛለች፤ ነገሩም እዚያው ያድራል። ሰፈሩ ግን «ተጣልተው የማያውቁ» እያለ ያደንቃቸዋል።

ከፋሲካ ወዲህ የነጠላው ጥለት በግራ በኩል ይስት ጀመር። አፀደ የተበላሸውን ጎን ወደ ውስጥ እያጠፈች ትደረድራለች። አጠገቧ የምትነግደው ሙኒያ አንዱን ዘርግታ አየችና፣ «አፅዬ፣ ሰውዬሽ በአንድ ዓይኑ ነው እንዴ የሚሠራው?» ብላ ሳቀች። አፀደ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

አፀደ ወስዳ ስታስመረምረው ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። የግራው ጠፍቷል፤ ቀኙም ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ይከተላል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። ዮፍታሔ አሻፈረኝ አለ። ታላቅ ወንድሙ ስለሺ ለኦፕራሲዮን ገብቶ ጭራሽ ታውሮ ነው የወጣው። የእንጦጦ ማርያም ጸበል ይበቃኛል ይላል። አፀደ ወሬውን ባነሣች ቁጥር «በማርያም ተይኝ» ነው መልሱ። እሷም ትተዋለች። ብርጭቆ ለማንሣት ጠረጴዛውን ሲዳብስ ስታይ ግን ብርጭቆውን ወደ እጁ ታስጠጋለታለች።

የኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ ቀን ጠዋት ለባብሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ተነሥ፣ እንሂድ።»

«አፀደ፣ በማርያም...»

«አትጥራት!» ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «ጸበሉን ማን ከለከለህ? ጠጣ፣ ተጠመቅ። ዓይንህ ሲጠፋ ግን ዝም ብዬ አየሁ ልበላት?»

«ስለሺን ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም። እኔም እፈራለሁ። ብትታወር ‹አንቺ ነሽ› ስትለኝ ትኖራለህ፤ በቃ፣ እችለዋለሁ። ተነሥ።»

 ዮፍታሔ ጫማውን አጠለቀ።

ታክሲ ውስጥ በግራው ስለተቀመጠች አያያትም። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ባለ ቁጥር፣ አሁን ይወርዳል፣ አሁን ሽቅብ ወደ ቤት ይመለሳል እያለች የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ስድስት ኪሎ ሳይደርሱ፣ «ወራጅ አለ!» አለ ዮፍታሔ። ሆስፒታሉ ገና ነበር። ተከትላው ወረደች።

ዮፍታሔ ትንሽ ቆመና ቁልቁል፣ ወደ ሆስፒታሉ መራመድ ጀመረ።

«በእግር እንሂድ» አለ። «ታክሲ ውስጥ ሰው ይሰማል። ክርክሩን ገና መቼ ጨረስኩና!»

«እኔስ መቼ ጨረስኩ?» መኪና ስታይ ክንዱን ይዛ ወደ ዳር ሳበችው።

«ያ ሐኪም ደግሞ ገና ልጅ ነው!»

«ልጅ መሆኑስ ደግ፤ ዓይኑ ያይለታል።»

«መቀለድሽ ነው አሁን?»

«አልቀለድኩም» አለች። እውነቷን ነበር፤ ክንዱንም አልለቀቀችም።