ማታውን ጭነን የዞርንበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሃያ ሦስት ተማሪዎችና አንድ የጂኦግራፊ መምህር በሙዝ መጫኛ አይሱዙ ተሳፍረን ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ወደ ምዕራብ ዓባያ ተነሣን። የሄድነው ተረት ፍለጋ ነበር።

ቀኑንና ሰዓቱን ከማስታወሻ ደብተሬ አረጋግጫለሁ። ነገሩን ያስታወሰኝ ግን ደብተሩ አይደለም። ባለፈው ሳምንት መሳቢያ ሳጸዳ አንድ የታጠፈ ካርታ ወጣ። ጥጉ ላይ ቡናማ እድፍ አለበት፤ ከተቆረጠ ሙዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። ልብስ ላይ ካረፈ ልብሱ ያልቃል እንጂ እሱ አይለቅም። አሸተትኩት። የወረቀት ሽታ ብቻ ነው ያለው። የሸራና የናፍጣ ሽታ የመጣብኝ ግን ያኔውኑ ነው።

ካርታው የጀርመን ነው። መምህራችን ለሦስት ወር ሥልጠና እዚያ ሄዶ ሳለ አንድ መንገድ በአውቶቡስ ተጉዞ ነበር። መንገዱ በጫካና በወንዝ ዳር ያልፋል፤ በላዩ ያሉት ከተሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ተረት አላቸው። አውቶቡሱ ግንብ ሥር ወይም ጉድጓድ አጠገብ ይቆማል፣ ተረቱ ይነገራል፣ ጉዞው ይቀጥላል። መምህሩ ካርታውን ሰሌዳ ላይ ለጥፎ፣ “የእኛ መንገድ በምን ያንሳል? በግራ ተራራ፣ በቀኝ ሐይቅ። የጎደለው ቆሞ የሚያዳምጥ ነው” አለን።

ዳይሬክተሩ ሳቀበት፤ በኋላ ግን ፈቀደ። “ሦስት ቦታ ትቆማላችሁ፤ ሦስት ተረት ቀድታችሁ ሰኞ በሚኒ ሚዲያ ታሰማላችሁ። ባዶ እጃችሁን ከመጣችሁ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።” መምህሩ ጉዞውን በየዓመቱ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ቴፕ ሪከርደሩን እንድይዝ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ መንገዱን ሁሉ እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር።

ስንወጣ ፀሐይዋ ገና ከሐይቁ በላይ ብዙ አልራቀችም። የዓባያ ውሃ እንደ ሸክላ ቀልቶ ያበራ ነበር። እየዘፈንን ጫኖ ደረስንና ቦይ ቀዶ ሙዙን የሚያጠጣ ገበሬ ዘንድ ቆምን። መምህሩ ዓላማችንን አስረዳው። ሰውየው አካፋውን ተደግፎ ፀሐይዋን አየ፣ ከዚያ እኛን አየ።

“ተረት? በቀን? ከብቴ እንዲጠፋ ነው?”

ሙዝ ቆርጦ ሰጠንና፣ “ይህን ብሉ። ለተረቱ ማታ ኑ” ብሎ ወደ ቦዩ ተመለሰ።

የሰሜን ሰው የሆነው መምህራችን ይህን አያውቅም ነበር። በእኛ ዘንድ ተረት ፀሐይ ሳትገባ አይወራም፤ በቀን ያወራ ከብቱ ይጠፋበታል ይባላል። እኛ ሃያ ሦስታችንም እናውቃለን። የጀርመኑ በቀን ከሆነ የእኛም በቀን ይሆናል ብለን ዝም ማለታችን ነው ጥፋቱ።

ላንቴ ላይ ማንጎ የሚሸጡ እናትም ያንኑ አሉ። “አስተማሪ አይደለህ እንዴ? ይህን ሳያስተምሩህ ነው የላኩህ? ማታ ኑ።”

ከዚያ በኋላ የዘፈነ የለም። መምህሩ ካርታውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

የቀረን ምዕራብ ዓባያ ነበር። የወንበር ጓደኛዬ አያት እዚያ ይኖራሉ፤ ተረት አዋቂ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። አምስት ሰዓት ገደማ ደረስን። ሽማግሌው በር ላይ ተቀምጠው መምህሩን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

“እዚያ አገር በቀን ነው የሚያወሩት?”

“አዎ፣ አባባ።”

“ከብት የላቸውም ማለት ነው።”

“አላቸው እንጂ።”

“ታዲያ ማን ይጠብቅላቸዋል?”

መምህሩ፣ “አጥር” አለ።

ሽማግሌው ሳቁ፤ ተረቱን ግን አልጀመሩም። ይህን ጊዜ ነው ሹፌሩ ጎማ ሲያይ ከነበረበት ቀና ያለው። የስልጤ ሰው ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከእኛ ጋር ብዙ አላወራም።

“አባባ፣ ቢመሽ ያወሩልናል?”

“ከመሸማ ምን ይከለክለኛል።”

“እንግዲያው ልጆች፣ ውጡ።”

መኪናው ላይ አወጣንና የሙዙን ሸራ ጎትቶ ከላይም ከጎንም አለበሰን። ሽማግሌውን ደግፈን አስገባናቸው። ጨለመ። እሳቸው ግን በቀላሉ አላመኑም። “እዚያ ጋ ፀሐይ አለች” አሉ፤ ቀዳዳውን በሙዝ ቅጠል ወተፍነው። “እዚህም አለች” አሉ፤ በዚህኛው መምህሩ ካርታውን አጣጥፎ ሰካበት። እድፉ የዚያን ጊዜ ነው።

“አሁን መሸ” አሉ ሽማግሌው።

በጋሞኛ ተረኩ፤ ጓደኛዬ ወደ አማርኛ መለሰችው። ሁለቱ ሐይቆች፣ ዓባያና ጫሞ፣ እኅትማማቾች ነበሩ። ዓባያ አምባሯ ከእጇ ወልቆ ሰመጠባት። ጫሞ፣ “ተዪው፣ የእኔን እንካፈላለን” ብትላት እምቢ አለች። እስከ ዛሬ ሥር ሥሩን በእጇ እየዳበሰች ትፈልጋለች፤ ውሃዋ የማይጠራው ለዚህ ነው። ላባችን እየተንጠባጠበ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ስንመለስ ሹፌሩ ላንቴ ላይ ክላክስ እየነፋ ቆመ። “እናቴ፣ ማታ ኑ ብለውን ነበር። ይኸው ማታውን ጭነን መጣን።”

ሴትዮዋ ሸራውን ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ አዩ። ማንጎአቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ “መላ አያጣም ይኼ አስተማሪ” እያሉ ወጡ። ጫኖ ላይ ገበሬው እግሩን እንኳ ሳይታጠብ ገባ። የእሱ ተረት ስለ ሰነፍ ጅብ ነበር፤ ጅቡን ራሱ ሆኖ ስለተረከው መኪናው ይወዛወዝ ነበር።

ሰኞ ሦስቱም በሚኒ ሚዲያ ተሰሙ። ዳይሬክተሩ ቢሮው በር ላይ ቆሞ አዳመጠና፣ “የሚቀጥለው ዓመት እኔም እሄዳለሁ” አለ። ሄደም።

መምህሩ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ተዛወረ። መኪናው ሊነሣ ሲል ካርታውን በመስኮት አቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ሽማግሌው ማረፋቸውን ከጓደኛዬ ሰምቻለሁ።

ካርታውን ባለፈው ሳምንት ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በመምህሩ እጅ በእስክሪብቶ አንድ መንገድ ተሥሏል፤ በግራ ተራራ፣ በቀኝ ሐይቅ። ጫኖ፣ ላንቴና ምዕራብ ዓባያ ላይ ሸራ የለበሰ መኪና የሚመስል አንድ አንድ ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን አለ። ካሴቱንም አጫወትኩት። ከጅቡ ተረት በኋላ አሥራ ሰባት ሰከንድ ሳቅ ተቀድቷል፤ የመምህሩ ሳቅ መጨረሻ ላይ ለብቻው ይሰማል። ቀጥሎ ሸራው ሲገለጥ ይሰማል።