የቤርዚንሽ ለቅሶ

ስካርቦሮ በምንኖርበት ሕንፃ፣ ከበራችን ፊት ለፊት አንድ የላትቪያ ሽማግሌ አሉ። የልጄን ጋሪ ሁልጊዜ ከሊፍት የሚያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። በራቸው ላይ «ቤርዚንሽ» የሚል ስም ተለጥፏል።

ባለፈው ማክሰኞ ሊፍት ውስጥ ስልካቸውን እያዩ፣ «ቤርዚንሽ ሞተ። ጎበዝ ዘፋኝ ነበር» አሉኝ። ድንግጥ አልኩ። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ በራቸው ላይ ያለውም ያው ስም ስለሆነ ወንድማቸው ሞቷል ማለት ነው። ዘመድ ሲመጣላቸው አይቼ ስለማላውቅ፣ ብቻቸውን ማዘን የለባቸውም አልኩ።

ንፍሮ ቀቀልኩ፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ከታች ፎቅ እትዬ አስካለን ይዤ ሄድኩ። እትዬ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ በሩ ገና ከመከፈቱ ግን «ወይኔ ወንድሜን!» ብለው ለቀቁት።

ሽማግሌው ግራ እንደገባቸው አስገቡን። ተቀመጥን፤ ንፍሮውንም በሳህን አቀረብኩላቸው። ንፍሮውን አንድ አንድ ፍሬ እየለቀሙ ቆዩና፣ «ማን ሞቶባችሁ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«የእርስዎ ወንድም ነዋ፣ ዘፋኙ።»

«እኔ የት አውቀዋለሁ? እኛ አገር ቤርዚንሽ የማይባል ማን አለ! ጄኔራሉ ቤርዚንሽ፣ ፕሬዚዳንቱ ቤርዚንሽ፣ ጥርሴን የነቀለልኝ ሐኪም ቤርዚንሽ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ አሁንም ያለቅሳሉ። ይቅርታ ጠይቄ ሳህኑን ላነሳ ስል ሽማግሌው እጃቸውን ጫኑበት።

«ቆዩ እንጂ» አሉ፣ ወንበራቸውን ወደ እትዬ ጠጋ እያደረጉ። «ገጣሚም ቤርዚንሽ ነበረን። እሱ ሲሞት ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው የለም።»